በሞያሌ በኩል አትወጣም

ለምወድህ ልጄ ለዘአማኑኤል፦

የእናት ሰላምታዬ ካምፓላ ድረስ ይድረስህ። ጤናህ እንደምን ነው? ወገብህን ያምህ የነበረውስ ተወህ? ምሳ ሳትበላ መዋሉንስ ተውክ? እኛ ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን፣ ደህና ነን። እኔ ዘንድ ልትወልድ የመጣችው ሚስትህ ናካቶ በርትታለች። ልጅህ እምነትም ክርስትና ከተነሣች ወዲህ አንገቷን አጽንታ ሰው ትመረምራለች። በስልክ ስትቆጣ አላስጨርስ ስለምትለኝ ይህን ጻፍኩ፤ ናካቶ ፎቶ አንሥታ ትልክልሃለች።

የናካቶ ቪዛ ያለፈው በእኔ ነው። ሊያልቅ ሲል ላሳድስ ብላ ተነሥታ ነበር። አራስ ናት፣ ልጅቷ ክርስትና ሳትነሣ ከደጅ አትወጣም ብዬ በሩ ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ። የሴት ልጅ ሰማንያ ቀን ነው። ሰማንያው እስኪሞላ ቪዛው ካለፈ ሰነበተ። አንተ የላክኸው ደላላ በከባድ መኪና ሞያሌ አድርሼ በጎን በኬንያ አድርጌ ወደ አገሯ አሻግራታለሁ ይላል። አይሆንም። በጎን የወጣች ነገ በየትኛው በር ትመለሳለች? እምነትስ አያቷን በምን ታውቃለች? ሰውየውን መልሼዋለሁ፤ ደግመህ እንዳትልክብኝ።

ትናንት ሰኞ ሦስታችንም ኢሚግሬሽን ሄድን። ከደጁ ማመልከቻ የሚጽፈው ጎልማሳ፣ «እማማ፣ በሕመም ምክንያት ብዬ ልጻፍልዎ፤ ቶሎ ያልፋል» አለኝ። አልታመመችም፣ ወለደች አልኩትና ራሴ ጻፍኩት። ውስጥ የተቀመጠችው ሠራተኛ አንብባ፣ «እማማ፣ ሕጉ አራስ ቤት ገብቶ ቀን አይጨምርም» አለችኝ። ሕጉን አላማሁም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ቅጣቱም በእኔ ይሁን፣ እሷን ብቻ ተመልሳ እንዳትገባ አትከልክሉብኝ አልኳት። ይህን ጊዜ ናካቶ በለመደቻት አማርኛ፣ «እማዬ ውሸት! እኔ ራሴ ፈልጌ ቀረሁ። ገንፎ ጥሩ ነው» ብላ ነገሬን አፈረሰችው። ሠራተኛዋ ሳቀች። «መጀመሪያ ጥፋተኛዋ ማን እንደሆነች ተስማሙና ኑ» ብላ ኃላፊው ዘንድ ለሐሙስ ቀጠረችን።

መንገድ ላይ ተቆጣኋት። እሷም መልሳ ተቆጣችኝ። «አንቺ ብቻ አትቀጪም» አለችኝ፤ አንቱ ማለት ገና አልለመደችም። ቤት ስንደርስ አዲስ ማመልከቻ ጻፍኩና ከስሜ ሥር ስሟን አስገባሁ። ይቅር ካሏት በአየር ማረፊያው በር ወጥታ ትመጣልሃለች። ካላሏትም የተፈረደባትን ተቀብላ በዚያው በር ትወጣለች፤ እኔ ግን እስኪፈቅዱላት ድረስ እየተመላለስኩ አመለክታለሁ። መቆም ባልችል መቀመጫ አላቸው።

ባለሱቋ ሳፊያ ሰላም ብላሃለች። ለናካቶ አባት እጅ ነሥቻለሁ በልልኝ። ታናሽ እኅቷንም፣ የላከችው ቀሚስ ለእምነት ልኳ ሆኗል በላት። ለእናቷ ደግሞ እንዲህ በልልኝ፦ ልጅዎን ከቀኗ አሳልፌ ያስቀረሁብዎ እኔ ነኝ፤ ከመንግሥት አስቀድሜ ይቅርታ የምለምነው እርስዎን ነው። ቃል በቃል ተርጉምላቸው፤ እንዳታለዝበው።

እናትህ በላይነሽ
አቃቂ ቃሊቲ
ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.