ኦቦ ጃልዴሳ ሊናገሩ ሲሉ ስለሚዘጋው ፕሮግራምዎ

ለተከበሩ አቶ ልዑልቃል
የ«ኅብረ ምስል» ቪዲዮ ኤዲቲንግ ሶፍትዌር አከፋፋይ
የደንበኞች ድጋፍ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎንም፣ ቤተሰብዎንም፣ በጠረጴዛዎ ላይ ያለውን ኮምፒውተርዎንም በሙሉ ጤንነት እንዲያገኛችሁ ከልብ እመኛለሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ኮምፒውተሬ ግን እርስዎ የሸጡልኝን ፕሮግራም ከጫንኩበት ወዲህ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወድቅና እንደሚነሣ መቁጠር ትቻለሁ። በቴሌግራም ለብቻዎ የላክሁልዎ ልመና ሁሉ «መልእክትዎ ደርሶናል፤ ስለመረጡን እናመሰግናለን» የሚል መልስ እያገኘ ስለተመለሰ፣ ይህን ያህል የተመሰገነ ሰው ዝም ማለት ነውር መስሎ ስለታየኝ፣ አጸፋውን በአደባባይ ልመልስ ተነሣሁ።

ሃያት እባላለሁ። የምኖረው ነጌሌ ቦረና ነው። ባለቤቴ ፋዲል ጨርቅ ይሸጣል፤ እኔ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍላችን ውስጥ የሠርግ ቪዲዮ አቀናብራለሁ። ካሜራውንም የምይዘው እኔው ነኝ።

ፕሮግራምዎ የወደቀበት ቪዲዮ የፋይዳ ሠርግ ነው። ፋይዳ ወደ ወደራ ከተማ የተዳረች የሰፈራችን ልጅ ናት። አባቷ ኦቦ ጃልዴሳ በሠርጓ ቀን ሊመርቁ ሲነሡ መብራት ጠፍቶ ስለነበር ከድንኳኑ ጀርባ ጄነሬተር ተነሣ፤ ሴቶቹም እልልታውን አቀለጡት። እኔ ካሜራ ይዤ ከፊታቸው ቆሜ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ እንጂ የተናገሩትን አልሰማሁም። ማንም አልሰማም። ሰዉ ሁሉ ምርቃት መሆኑን ስላወቀ ብቻ አሜን አለ።

ሠርጉ ካለፈ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ኦቦ ጃልዴሳ ታመው ዐረፉ።

እንግዲህ ክቡርነትዎ በትዕግሥት ቢያነቡልኝ፣ ሊባን የሚባል ልጅም ነበራቸው። በዚያ ክፉ ድርቅ ወቅት ከብቱ በየሜዳው ሲወድቅ፣ ሊባን የተረፉትን ላሞች አባቱን ሳይጠይቅ ሸጦ ገንዘቡን ከሰው ጋር ለገዛው የጭነት መኪና አዋለው። ኦቦ ጃልዴሳ ይህን ሲሰሙ በሽማግሌዎች ፊት «ከእንግዲህ ደጄን እንዳትረግጥ» አሉት። ሊባንም ቃላቸውን አከበረ። ከፊልቱ ከተማ ከብት እየጫነ በነጌሌ ሲያልፍ እንኳ ወደ ቤት አይታጠፍም ነበር። ለእህቱ ሠርግ አልመጣም። ለአባቱ ቀብርም አልደረሰም፤ የመጣው በማግስቱ ነው። በለቅሶው ድንኳን ውስጥ ከሌላ አገር የመጡ እንግዶች ከተቀመጡበት ዳር ተቀመጠ። ሰው ወደ ቤተሰቡ ሊያስጠጋው እጁን ሲይዘው «እዚህ ይበቃኛል» አለ። ፊቱን አይቼዋለሁ። አባቱ ተቀይመውት የሞቱበት ሰው ፊት ነበር።

በዚያው ሰሞን የሠርጉን ቪዲዮ ለመጨረስ ተቀመጥኩ። ሄድፎን አድርጌ፣ በፕሮግራምዎ የድምፅ ማጽጃ የጄነሬተሩን ጩኸት ቀነስኩት። የኦቦ ጃልዴሳ ድምፅ ብቅ አለ። ሁለት ሦስት ቃል ካሰማኝ በኋላ ፕሮግራሙ ቀጥ አለና ተዘጋ። እንደገና ከፍቼ ትንሽ ወደፊት አለፍኩ፤ አሁንም ሁለት ሦስት ቃል ሰምቼ ተዘጋ። እንዲህ እየከፈትኩና እየተዘጋብኝ፣ በኦሮምኛ የተናገሩትን ቃል በቃል ለቀምኩት። ልጃቸውን ፋይዳን መርቀው ሲያበቁ እንዲህ ብለው ነበር፦ «ዛሬ እዚህ የሌለው ሊባንም ልጄ ነው። በቁጣ የተናገርኩትን አንሥቻለሁ። ላሞቹ ሜዳ ላይ ከሚያልቁ በመሸጡ ደግ አደረገ። ደጄ ደጁ ነው፤ መንገዱ ናጋ፣ ሰላም ይሁንለት።»

ሄድፎኑን አውልቄ ብዙ አለቀስኩ። ከዚያ ወደ ሚስታቸው ወደ አዴ ጉያቱ ሄጄ ነገርኳቸው።

«ለሊባን ይንገሩት» አልኳቸው።

«እኔ ብነግረው አያምነኝም» አሉ። «እናት ናት፣ ልታጽናናኝ ነው ይላል። አንቺም ብትነግሪው እኔ ያስተማርኩሽ ይመስለዋል። ከአባቱ አፍ ይስማው፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። ሳይሄድ አድርሺልኝ።»

እርስዎን ማስቸገር የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው፤ ስለ ምክርዎ በየተራው ላመስግንዎ።

አንደኛ፣ ኮምፒውተሬን አጥፍቼ እንዳበራው ስለመከሩኝ። የከተማችን መብራት ይህን አገልግሎት እኔ ሳልጠይቅ ሲሰጠኝ ስለቆየ ምክርዎ ቀደም ብሎ በተግባር ላይ ውሏል። ለማንኛውም አክብሬዎት በእጄም አጠፋሁት፣ አበራሁት። ፕሮግራሙም ኦቦ ጃልዴሳ አፋቸውን ሲከፍቱ ተዘጋ።

ሁለተኛ፣ «ኮምፒውተርዎ ሳይሞቅ አልቀረም፣ ቀዝቀዝ ያለ ክፍል ውስጥ ያስቀምጡት» ስላሉኝ። እርስዎ ቢሮ ውስጥ ሹራብ ለብሰው እንደሚጽፉልኝ ስለገባኝ አልተቀየምኩም። በእኛ አገር በዚህ ወር ቀዝቃዛ ክፍል ቢገኝ ኖሮ ሰው ይገባበት ነበር። ፋዲል የሱቁን ፋን አምጥቶ ሰጠኝ፤ የኮምፒውተሩን የጎን ክዳን ፈትቼ ፋኑን አፉ ላይ ደቀንኩበት። ደንበኞቹ ላባቸውን በሚሸጠው ጨርቅ ሲጠርጉ ዋሉ። ኮምፒውተሩ እውነትም ቀዘቀዘ። ቀዝቅዞም ተዘጋ።

ሦስተኛ፣ የግራፊክስ ካርዱን ድራይቨርና ፕሮግራሙን አፕዴት እንዳደርግ ስላዘዙኝ። አውርዶ ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው ኔትወርክ ይቆረጣል፤ ሲመለስም ካቆመበት አይቀጥልም፣ ከመጀመሪያው ይነሣል። በመጨረሻ ሲሳካልኝ ግን ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። አዲሱ ፕሮግራምዎ በእርግጥ ተሻሽሏል፤ አሁን ሲዘጋ ይቅርታ ይጠይቃል።

አራተኛ፣ ፕሮግራሙን አጥፍቼ እንደ አዲስ እንድጭነው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ «ችግሩ ድምፁ ላይ ስለሆነ ምስሉን እንዳይነኩት» ብለው በትልቁ ስለጻፉልኝ። ይህን የመጨረሻውን ማስጠንቀቂያ እንደ ሐኪም ቃል ያዝኩት። ለምን እንዳነሣሁት በኋላ ይረዱታል።

ከዚህ በኋላ ቁጥር መስጠቱን መተዌን ይቅር ይበሉኝ፤ ሊባን ስለመጣ ነው።

አዴ ጉያቱ ትዕግሥታቸው አልቆ «ሃያት ዘንድ የአባትህ ቃል አለ፣ ሄደህ ስማ» ብለው ላኩት። በማግስቱ ጠዋት ጭነት ስለነበረው ከዚያ ቀን ሌላ ጊዜ አልነበረንም። ገብቶ ወንበሬ ላይ ሲቀመጥ እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጠፋው። ሄድፎኑን ሰጠሁት። ከመጀመር በፊት ለፕሮግራምዎ ዱዓ አደረግሁ፤ ይህን ስል አልቀልድም። ከዚያ አስጀመርኩት።

ኦቦ ጃልዴሳ በስክሪኑ ላይ ቆመዋል። «ዛሬ እዚህ የሌለው ሊባን» አሉ። ምስሉ ደረቀ፤ አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ። ቀጥሎም መስኮቱ ተዘጋና የእርስዎ የይቅርታ ጽሑፍ መጣ።

ሊባን ሄድፎኑን ቀስ ብሎ አውልቆ ኪቦርዱ አጠገብ አስቀመጠው።

«ቀጥሎ ምን እንዳሉ ልንገርህ» አልኩት። ነገርኩት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ በራሳቸው ኦሮምኛ ነገርኩት።

እንባ በዓይኑ ሞላ፤ ግን ያመነ ሰው እንባ አልነበረም። «ጥሩ ሰው ነሽ፣ እህቴ» አለኝ። «ክፉውን እንዳልሰማ አቆምሽልኝ። ያለውን አውቃለሁ። አባቴ ስሜን ካነሣ በኋላ ምን እንደሚል አውቃለሁ።»

«ወላሂ እኔ አይደለሁም ያቆምኩት፣ ፕሮግራሙ ነው» አልኩት።

«እሺ» አለ። «እናቴንም አመሰግናለሁ በይልኝ።» ወጣ።

አቶ ልዑልቃል፣ በዚያች ሰዓት የደረሰብኝን በጨዋ ቋንቋ መጻፍ አቅቶኛል። የሞተ ሰው ይቅርታ በእጄ ነበር፤ ልሰጠው ስዘረጋ እርግማን ሆኖ ደረሰው። ባይመጣ፣ ባላሰማው ይሻለው ነበር። ለእርስዎ ደወልኩ፤ አላነሡም። «ስለ አላህ ብለው፣ ሰው ሊጎዳብኝ ነው፣ አንድ ነገር ይንገሩኝ» ብዬ ጻፍኩ። ወዲያው መለሱልኝ፤ ለፍጥነትዎ አድናቆቴ ይድረስዎ። መልሱ «ትዕግሥትዎን እናደንቃለን» ይላል።

እዚያው ተቀምጬ ደጋግሜ ከፈትኩት። ደጋግሞ ተዘጋ። ፋዲል ከሱቁ መጥቶ ትከሻዬን ይዞ «ተይው በቃ፣ ታመምሽ» አለኝ። እኔ ግን በንዴት መሰረዝ ጀመርኩ። መጀመሪያ የጨመርኩባቸውን አበቦች ሰረዝኩ፤ ቀጥሎ ስሞቹን፣ ቀለሙን፣ ጭፈራውን ሰረዝኩ። በመጨረሻ እንዳልነካው ያስጠነቀቁኝን ምስሉን ራሱን ሰረዝኩት። ዋናው ቅጂ በካሜራው ካርድ ላይ አለ፤ ሙሽራይቱና አባቷ ግን ከስክሪኑ ጠፉ። የቀረው ከታች ያለችው የድምፅ መስመር ብቻ ነበረች። አስጀመርኳት። ኦቦ ጃልዴሳ ተናገሩ። እስከ መጨረሻው ተናገሩ። ኤክስፖርት አድርጌ በፋይል አወጣሁት፤ ፕሮግራምዎም ምንም እንዳልበደለ ሰው በጸጥታ ጨረሰልኝ።

ችግሩ ምስሉ ላይ ነበር ማለት ነው። ለማስታወሻዎ ያህል ነው የጻፍኩት።

ለሊባን ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነበር። ጠዋት ድምፁን በስልኬ ይዤ የከብት መኪኖች ወደሚጫኑበት ሄድኩ። ጭነቱ ተጠናቅቆ፣ ሞተሩ ተነሥቶ፣ ሊባን መሪው ላይ ተቀምጦ ደረስኩበት። ሲያየኝ ፊቱን አዞረ። በሩ ሥር ቆሜ ስልኩን በመስኮቱ አቀበልኩት።

«ይህን ብቻ ስማና ሂድ» አልኩት። «አልጨቀጭቅህም።»

ከእኔ ለመገላገል ያህል ተቀበለኝ፤ ጆሮው ላይ አደረገው። በሞተሩና በከብቱ ጩኸት ምንም ሊሰማ አልቻለም። ስልኩን ሊመልስልኝ እጁን ከዘረጋ በኋላ ግን የሆነ ነገር የሰማ ይመስላል፤ መልሶ ጆሮው ላይ አስጠጋው፤ በሌላ እጁም ቁልፉን አዙሮ ሞተሩን አጠፋ።

አዳመጠ። ሲያልቅ ወደ እኔ ሳያይ «ከየት ነው የሚጀመረው?» ብሎ ጠየቀኝ። አሳየሁት። እንደገና አዳመጠ። ረዳቱ ከኋላ «እንሂድ እንጂ» እያለ ቦዲውን ይደበድባል። ሊባን ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ።

ቀና ሲል «ስልክሽን ልውሰደው? እናቴ ትስማው» አለኝ።

«ውሰደው» አልኩት።

መኪናው ወደ መንገዱ አልወጣም። ከብቱን እንደጫነ ወደ ሰፈራችን ታጠፈ። በኋላ እንደሰማሁት አዴ ጉያቱ ከብት ደጃቸው ላይ ሲያገሳ ሰምተው ወጡ፤ ሊባንን ከመኪናው ሲወርድ አዩት። ስልኩን ሊያሰማቸው ቢል «እኔማ ሰምቼዋለሁ፤ አንተ ግባ» አሉት። ገባ።

ክቡር ሆይ፣ ለዚህ ሁሉ ውጤት የእርስዎን ድርሻ ፈልጌ ፈልጌ በማጣቴ ከልብ አዝናለሁ። ቢሆንም እንድሠራው የከለከሉኝን ነገር በግልጽ ስለጻፉልኝ፣ በስተመጨረሻ የሚሠራውን አገኘሁት፤ ለዚህም ከመላ ቤተሰቤ ጋር ሆኜ ውለታዎን አልረሳም። ዕድሜና ጤና፣ የማይቋረጥ ኔትወርክ፣ እንዲሁም አንድ ቀን የሰው ድምፅ የሚመልስ ስልክ እንዲሰጥዎ እየጸለይኩ፣

በታላቅ አክብሮትና ከዚያ በሚበልጥ ድካም፣
ታዛዥ ደንበኛዎ
ሃያት
ነጌሌ ቦረና

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ስጨርስ ከክፍልዎ «ችግርዎ በባለሙያዎቻችን ስለተፈታ ጉዳይዎ ተዘግቷል» የሚል መልእክት ደረሰኝ። እንኳን ደስ አላችሁ። የሠርጉ ምስል ግን አሁንም አልተሠራም፤ ፋይዳም ከወደራ እየደወለች «ቪዲዮዬ የት አለ?» ትለኛለች። ጉዳዩን የፈቱት እርስዎ ስለሆኑ የእጅ ስልክ ቁጥርዎን ሰጥቻታለሁ። ልጅቷ በእውነት መልካም ሰው ናት፤ ደብዳቤ መጻፍ ግን አትወድም፣ በአካል ነው የምትመጣው።