ጄኔሬተሩ የሄደበት

ኅዳር 12 ቀን 1987 ዓ.ም.፣ አሶሳ

ዛሬ አመሻሹ ላይ ከአዲስ አበባ የመጣ ባለሙያ ለአዲሱ ክልላችን ሠራተኞች ስለ ተፈጥሮ ጋዝ ኃይል ማመንጫ ፊልም አሳየን። ፊልሙ እንዲታይ የጤና ጣቢያው ጄኔሬተር ተጭኖ መጣ። ሌላ የለንም።

«የግድብ ውሃ ሲጎድል የጋዝ ጣቢያው ቶሎ ተነሥቶ ክፍተቱን ይሞላል። ሆስፒታል አይጨልምም» አለ እንግዳው። አጨበጨብን። እኔም አጨበጨብኩ።

አዋላጅ ነርስ የሆነችው ባለቤቴ ከጤና ጣቢያው ማዋለጃ ክፍል ስትመለስ «መንጋጋዬን አመመኝ» አለች። ከኩርሙክ በጭነት መኪና የመጣችውን ወላድ ያዋለደቻት የእጅ ባትሪ በጥርሷ ነክሳ ነው። ልጁ ተርፏል። እናትየዋ ብዙ ደም ፈሷታል፤ ገና አልለየላትም።

«ጄኔሬተሩን ምን ልትሠሩበት ነው የወሰዳችሁት?» አለችኝ።

«ስለ መብራት ልንማርበት» አልኳት።