ጾም ሲፈታ ያምህ ነበር

ማክሰኞ፣ ጥቅምት ፬፣ አሰላ

አስቹዬ፣ ወንድሜ፣

ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም። ለሞተ ሰው ደብዳቤ መጻፍ ያሳፍራል፤ ማንም እንዳያየኝ ደብተሬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው የምጽፍልህ። ከተለያየን ስድስት ወር ሊሞላ ነው። እስካሁን አላለቀስኩም። ሰው ጠንካራ ልጅ ናት ይላል። ጠንካራ አይደለሁም። እጅ ሲደነዝዝ የራስህ ሆኖ የራስህ እንደማይመስልህ፣ እንደዚያ ነኝ።

ቤት ደህና ነው። አልጋህ እዚያው ነው። ጃኬትህን አባዬ ለብሶት ይውላል፤ እጅጌው ይረዝምበታል። እማዬ ቅቤ ወደ ቤት ማስገባት ትታለች። በፋሲካ ሳምንት አንተን ቀበርን፤ ሰው ሁሉ ጾም ሲፈታ እኛ ቤት እስከ ዛሬ ሽሮና ጎመን ነው። አክስታችን ከዲክሲስ ስትመጣ ባዶ እጇን ናት። ግቢ ትባላለች፣ በሩ ላይ ቆማ ጫማዋን ታያለች። የፋሲካውን ጭኮ ያመጣችልህ እሷ ስለሆነች።

ያጎረስኩህ ግን እኔ ነኝ። ሆድህን ይዘህ ተኝተህ አልፈልግም አልከኝ። ገብስ በቅቤ የታሸ እኮ ነው፣ የታመመ ሰው የሚበረታው በእሱ ነው ብዬ ለመንኩህ። ጨቅጫቃ ብለህ ስቀህብኝ ሦስት ማንኪያ ዋጥክልኝ። ሦስቱንም አስታውሳለሁ።

ሁላችንም ስናየው የኖርነው ነገር ነበር። ከልጅነትህ ጀምሮ ዐቢይ ጾምን በደህና ታሳልፍና ጾም ሲፈታ ሆድህን ያምህ ነበር። እማዬ ልጄ ጾም ይስማማዋል ትል ነበር። እኔ ዶሮው ላይ ተስገብግበህ ነው እያልኩ አበሽቅህ ነበር። ክርንህ ላይ ጥቃቅን ቢጫ እብጠቶች ሲወጡ ደግሞ አንተ፣ ገብሴ በቀለ፣ ማጭድ አምጪ ትለኝ ነበር።

ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሟ ደምህን ስትቀዳ አጠገብህ ነበርኩ። ብልቃጡ ውስጥ ያለው ወተት የተቀላቀለበት ይመስል ነበር። ፊቴን አዞርኩ። ከቀብሩ በኋላ አባዬንና እኔን ጠርታ አስረዳችን። ደም ውስጥ ስብ የሚፈጭ ኢንዛይም አለ፤ የሚቀሰቅሰው ሌላ ፕሮቲን ከሌለ ግን ሥራ አይጀምርም። አንዳንድ ሰው ከእናቱም ከአባቱም ጉድለቱን ወርሶ ያ ፕሮቲን ሳይኖረው ይወለዳል። ስቡ ሳይፈጭ ደሙ ውስጥ ይከማቻል፣ ቆሽቱን ያቆስለዋል። እኔ የወፍጮ ቤት ነው የታየኝ። ሞተሩ ደህና ነው፣ እህሉም ተከምሯል፣ የሚያስነሳው ሰው ግን አልመጣም።

የልጁም ነገር ይኸው ይመስለኛል፣ እህትና ወንድም ላይም ሊገኝ ስለሚችል የእህቱም ደም ይታይ አለች። ቤት ገብተን ስንነግራት እማዬ እምቢ አለች። የቀረችኝ እሷ ብቻ ናት፣ ሌላ ክፉ ወሬ አታሰሙኝ ብላ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። አባዬም አልገፋበትም፣ እኔም ሳልመረመር ቀረሁ።

ለማንም ያልነገርኩት አለ። በእንቁጣጣሽ ጎረቤቶች ጠርተውን ቅቤ የበዛበት ወጥ በላሁ። ሁለት ቀን ሆዴን አመመኝ። ልክ እንዳንተ ጉልበቴን ወደ ደረቴ ሰብስቤ ተኛሁ። የወር አበባ ነው አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ክርኔን እዳስሳለሁ። እስካሁን ምንም የለም። ፈርቼ ይሁን አይሁን እንኳ አላውቅም።

አልረሳህም፣ አስቹዬ። ማንኪያውንም፣ ማጭድ አምጪ ማለትህንም አልረሳም።

ነገ ረቡዕ ነው። የጾም ቀን ስለሆነ ቁርስ ሳልበላ ብወጣ እማዬ ምንም አትጠይቀኝም፤ በዚያ ተደብቄ ወደ ሐኪሟ ልሄድ አስቤ ነበር። ተውኩት። ማለዳ ስትነሳ አጠገቧ ተቀምጬ የሆዴን ነገር እነግራታለሁ። ከዚያ ለደም ምርመራው በባዶ ሆዴ ወደ ሐኪሟ እሄዳለሁ። ደሜ ብልቃጡ ውስጥ ሲገባ ፊቴን አላዞርም።

እህትህ