ካሊና ብቻዋን የወረደችው ደረጃ

ትርያቭና፣ ሜይ 17 ቀን 2009 እ.ኤ.አ.

ለምወድሽ ልጄ ለኔቬና፣

በዚያ በቪየና የሰው አዛውንት ስታነሺና ስታስተኚ የምትውዪበት ወገብሽ እንዴት ሰነበተ? እኔ ተራራችን በረዶውን አራግፎ አበባው በየአጥሩ ከፈካ ወዲህ፣ ጉልበቴ ከሚያሰማው ጥቂት ስሞታ በቀር ደኅና ነኝ፤ ልጅሽ ካሊናም ጠዋት ጸጉሯ እንደ ድርቆሽ ክምር ቆሞ፣ እርጎዋን እስከ ቅንድቧ ተቀብታ፣ በጤናና በጨዋታ አለች።

በስልክ ያልሽኝን አልዘነጋሁም፦ ቤትሽ አራተኛ ፎቅ ነው፤ አሳንሰር የለውም፤ አንቺም ጎሕ ሳይቀድ ሥራ ትገቢያለሽ፤ ስለዚህ ልጅቱ ደረጃውን በራሷ እግር መውጣትና መውረድ ካልቻለች፣ ትምህርት ቤት ሲከፈት ልትወስጃት አይሆንልሽም፤ ሌላ ዓመት ከእኔ ዘንድ ትቆያለች። ወሯ ሳይሞላ የተወለደች ናትና፣ አምስት ዓመት ሞልቷት እንኳ በየእርከኑ ሁለት እግሯን እያገናኘች፣ ጣቴን ጨብጣ ነበር የምትወርደው።

የክረምቱ ብርድ ሊያበቃ ሲል፣ የመዋዕለ ሕፃናቱ የአካል እንቅስቃሴ አስተማሪ ዮርዳንካ ቤተ ሰቦችን ጠርታ ትምህርቷን አሳየችን፦ ሕፃናቱ ወለሉ ላይ ከተዘረጋ ቀለበት ወደ ቀለበት እንደ እንቁራሪት ይዘላሉ፣ በዝቅተኛ አግዳሚ ላይ ክንዳቸውን ዘርግተው ይሻገራሉ፣ «ሽመላ!» ስትላቸው በአንድ እግር ይቆማሉ። የእኛይቱ ግን እንደ ተተከለ ግንድ ፍንክች አላለችም። ዮርዳንካ ኮሌታዋን ገለጥ አድርጋ ብታይ፣ ሁለት የሱፍ ሹራብ፣ አንድ ሰደርያ፣ ከሁሉም በታች ደግሞ ጀርባዋ ላይ የተወሸቀ ፎጣ!

«አባባ ኪሪል፣ ልጅ ነው ያመጡልኝ ወይስ ጥቅል ጎመን?»

ጣቶቼ ቁልፍ መቆለፍ ስለተሳናቸው ጠዋት ጠዋት የምታለብሳት ጎረቤታችን እትዬ ስቶያንካ ናት፤ አንቺንም በዚሁ ፎጣ አሳድጋሻለች። አብራኝ መጥታ ነበርና ከተቀመጠችበት ብድግ አለች።

«ላቧ ሳይደርቅ ሽውታ ቢመታትስ? አንቺ ነሽ የምታስታምሚያት?»

«ካልሮጠች ላቡ ከየት ይመጣል፣ እትዬ?»

«ስድስት ልጅ በፎጣ አሳድጌአለሁ! አንዱም አላስነጠሰ!»

«ስንቱስ ዘለለ?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እትዬ ስቶያንካ ተቀይማኝ፣ እንደ ልማዳችን ለፋሲካ ቀይ የተቀባውን እንቁላል እንኳ ራሷ ከማምጣት በልጇ እጅ ሰደደችልኝ።

ከዚያ ወዲህ ካሊና በስስ ካናቴራና በባዶ እግሯ ትጫወታለች። ዮርዳንካም ሳታጣድፍ፣ ሳታስፈራራ፣ በመጀመሪያ ወለል ላይ በተዘረጋ ገመድ፣ ቀጥሎ በአግዳሚው ላይ አስኬደቻት፤ መጀመሪያ ሁለት እጇን፣ በኋላ አንዱን፣ ከዚያም አንዲት ጣት ብቻ እየሰጠቻት፣ በመጨረሻ ደግሞ የመሐረብ ጫፍ አስያዘቻት። «እግሯ አልሰነፈም፣ አባባ። እጅ ለምዳ ነው፤ ቀስ ብለን እናስረሳት» አለችኝ። እኔም በቤት መሐረቤን ሰጠኋት፤ ባዶ ጣቴን ምን እንደማደርጋት ግን አላወቅሁም።

ከትናንት ወዲያ ዓርብ ከመዋዕለ ሕፃናቱ ስንወጣ፣ ከረጅሙ የድንጋይ ደረጃ አናት ላይ ቆመን፣ ልማድ ሆኖብኝ እጄን ዘረጋሁላት።

«አባባ፣ እጅህን አውርድ። ይጋርደኛል።»

ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፤ በየእርከኑ አንዳንድ እግር! ከመካከል ስትደርስ ዘንበል ብትል ልከተላት ስራመድ፣ ልትሸኘን የወጣችው ዮርዳንካ ከኋላዬ ካፖርቴን ያዘች። «ይተዉአት፣ አባባ!» ካሊና ክንዷን ዘርግታ ራሷን አቀናች፤ ወረደችም። እትዬ ስቶያንካም ለካ መጥታ ኖሮ ከመዋዕለ ሕፃናቱ በር ቆማ፣ «በሉ እሺ፣ ቆብ እንኳ አድርጉላት!» እያለች ዓይኗን በቀሚሷ ጫፍ ታብስ ነበር።

እንግዲህ ልጄ፣ ሌላ ዓመት ትቆይ ብዬ እንድጽፍልሽ የሚያስችል ምክንያት አላገኘሁም፤ ፈልጌም ነበር። ነዪና ውሰጃት። በጎዳና አትዘዪያት፤ ከኋላዋ ሁኚ እንጂ ከፊቷ አትቁሚ። ጫማዋ እየጠበባት ስለሆነ ሰፋ ያለ ይዘሽ ነዪ።

ፈጣሪ የሄድሽበትን መንገድ ሁሉ ደልዳላ ያድርግልሽ፤ የምትደግፊያቸው አዛውንት ምርቃት ለልጅሽ ይትረፍ።

አባትሽ ኪሪል

ይህን ሳልነግርሽ ላሽገው ነበር፦ ታች ከደረሰች በኋላ ዞር ብላ፣ «አሁን ያንተ ተራ ነው፤ ና ውረድ!» አለችኝ። የደረጃውን ብረት ይዤ፣ በየእርከኑ ሁለት እግሬን እያገናኘሁ ወረድሁ። ቆማ ጠበቀችኝ።