ከአውጫጭኙ ወፍ ለቀኛዝማች ኃይለማርያም

ሰኔ ፲፪ ቀን ፲፱፻፷፮ ዓ.ም.

ለክቡር ቀኛዝማች ኃይለማርያም ጉግሳ፣
የምክትል ወረዳችን ገዥ ለነበሩት፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የቆላው ሙቀት፣ የደም ግፊትዎ፣ ከሥልጣንዎ ከወረዱ ወዲህ እምቢ አለኝ የሚሉት እንቅልፍ እንዴት አድርገውዎታል? እኔ በአምላክ ቸርነትና በራፌ ላይ ለሦስት ዓመት ባቆሙልኝ ዘበኛ ትጋት ደህና ነኝ።

በነጋዴው በራሺድ በኩል የላኩብኝ መልእክት ደርሶኛል። ራሺድ ዓይኔን ማየት አፍሮ፣ ሱቁ ውስጥ የተደረደረውን ጣቃ እያየ ነው የነገረኝ። ከነጌሌ የሚመጣው አጣሪ ቡድን ሰኔ ሃያ ቀን ስለ እርስዎ ሕዝቡን ሲጠይቅ ደግነትዎን እንድመሰክር፣ ይህን ባላደርግ ግን በ፲፱፻፷፫ ዓ.ም. የሠራሁትን ለባለቤቴ ለመምህር ፍስሐ እንደሚነግሩት አስታውቀውኛል። እንዲህ ላሰበልኝ ሰው በምስጢር መልስ መስጠት ነውር ስለመሰለኝ፣ ይህን ደብዳቤ በትምህርት ቤቱ ሰሌዳ፣ በወፍጮ ቤቱ በርና የሻኪሶ መኪና በሚቆምበት ግራር ላይ እለጥፈዋለሁ። ምስጋናዬንም በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፤ ስለ ቴአትር ፍቅርዎ አመሰግናለሁ። ፍስሐ የደረሰው ቴአትር በታየበት በዚያ የጥር እሑድ፣ ወንበርዎን ከቤትዎ አሸክመው መጥተው ከፊት ተቀመጡ። ቴአትሩ ዝናብ ስለጠፋባት አንዲት ከተማ ነበር። ሕዝቡ ድርቁን ያመጣችብን ቡዳዋ ናት ብሎ አንዲት ሸክላ ሠሪ ያሳድዳል፤ ዳኛው ንጹሕ መሆኗን እያወቀ ይፈርድባትና ቦታዋን ለራሱ ይወስዳል። ሸክላ ሠሪዋ ስትባረር ከልብዎ ሳቁ። ዳኛውን ሆኖ የተጫወተው የጤና ጣቢያው ድሬሰር ሀሺ ከቆቡ ሥር መሐረብ አውጥቶ ላቡን ሲጠርግ ግን፣ እርስዎም በዚያችው ደቂቃ ከቆብዎ ሥር መሐረብ ያወጡ ነበርና ከኋላ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። እጅዎን ሰብስበው ቢቀመጡ ኖሮ ዳኛው ማንን እንደሚመስል ልብ የሚል አልነበረም።

፪ኛ፤ በማግስቱ ፍስሐን አስረው ሕዝቡን አውጫጭኝ ስላስቀመጡልን አመሰግናለሁ። ጥፋተኛው እስኪጠቆም ሕዝብ ታግዶ የሚቀመጥበትን አውጫጭኝ የምናውቀው ከብት ሲሰረቅ ወይም ሰው ሲገደል ነበር፤ ሰው ሳቀ ተብሎ የተቀመጠው የመጀመሪያው የእኛ ሳይሆን አይቀርም። በእሾህ አጥር ውስጥ ሦስት ቀን ዋልን። ጥያቄዎ አንድ ብቻ ነበር፤ ዳኛው በማን ተመሰለ? እርስዎን ይመስላል ያለ ተሳዳቢ ነው፤ ማንንም አይመስልም ያለ ደባቂ ነው። ሰዉ መውጫ ሲያጣ እርስ በርሱ ተበላላ። ቄሱ ጸሐፊዎን ጠቆሙ፣ ጸሐፊዎ ራሺድን ጠቆመ፣ ወይዘሮ ብዙወርቅ የልጃቸውን ክርስትና እናት መጀመሪያ የሳቀችው እሷ ናት ብለው አስያዙ። በሁለተኛው ቀን ደግሞ ሸክላ ሠሪዋን ሆና የተጫወተችው እሙሽ፣ ቡዳ ናት ተብሎ ሁላችን ከምንጠጣበት ጣሳ ውሃ ተከለከለች። የከለከሏት እኮ በቴአትሩ ላይ ያለቀሱላት ሴቶች ናቸው። ፍስሐ በወረቀት የጻፈውን እርስዎ በሜዳ አሳዩን፤ ለዚህ ሥራዎ የሚገባዎትን ጭብጨባ ሳያገኙ መቅረትዎ እስካሁን ይቆጨኛል።

፫ኛ፤ የሊበኑን ሽማግሌ ጂሎ ዲባን ስላከበሩልን አመሰግናለሁ። ጂሎ ለገበያ መጥተው ሰው ተሰብስቦ ስላገኙ ብቻ ቁጭ ብለው ቴአትሩን ያዩ፣ አማርኛ የማይሰሙ ሰው ናቸው። በሦስተኛው ቀን ከብቶቻቸው ከኤላው፣ ከጥልቁ የውሃ ጉድጓድ፣ የሚጠጡበት ተራ ነበርና ልሂድ ብለው ተነሡ። አስተርጓሚው ዳኛው ማንን ይመስላል ሲላቸው፣ አስቀድመው በወጉ «ናጋ» ብለው ሰላምታ ሰጡዎት፤ ቀጥለውም የተባለውን እንዳልሰሙ፣ ነገር ግን ሁለት ሰዎች ላባቸውን ሲጠርጉ እንዳዩ፣ አንዱ ሀሺ ሌላው እርስዎ እንደሆኑ ተናገሩ። እርስዎም አማርኛ የማያውቅ ምስክር አይቆጠርም ብለው መልሰው አስቀመጧቸው። ተራው አለፈ፤ ከብቶቹም በውሃ ጥም አለቁ።

አራተኛውን በቁጥር ልጽፈው አልቻልኩም።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ጸሐፊዎን ላኩብኝ። ፍስሐ ወንጀል እንደሌለበት ቀኛዝማች ያውቃሉ፣ የቀረው የመዝገብ ወግ ነው፣ አንድ ወፍ ከተናገረች አጥሩ ይከፈታል፣ ፍስሐም ዛሬውኑ እራቱን ከቤቱ ይበላል አለኝ። በአውጫጭኝ ላይ ስሙ ሳይታወቅ ለሽማግሌ በጆሮ የሚጠቁም ሰው ወፍ እንደሚባል አንባቢ ሁሉ ያውቃል። ተነሥቼ ሄድኩ። ዳኛውን የጻፈው ቀኛዝማችን አስቦ እንደሆነ ቤታችን ውስጥ ነግሮኛል ብዬ ለአውጫጭኙ ሽማግሌ በጆሮው ነገርኩት። እውነት ነበር። በነገረኝ ዕለት አብረን ስቀናል።

አጥሩ ተከፈተ፣ ሰዉም ወደየቤቱ ገባ። ፍስሐ በእኔ ቃል ተፈርዶበት ሁለት ዓመት ከአራት ወር ታሰረ። እራቱን በየሳምንቱ በጭነት መኪና ተሳፍሬ የማደርስለት እኔ ነበርኩ። ወፉ ማን ይሆን እያለ በጠየቀኝ ቁጥርም አላውቅም እለው ነበር። ክቡር ሆይ፣ እጠላዎታለሁ። ይህን በትሕትና የምገልጽበት ቃል ፈልጌ አጣሁ።

እንግዲህ በእጅዎ የቀረዎት ይህ ምስጢር ብቻ ነበር፤ እነሆ ዛሬ ወፍጮ ቤት በር ላይ ዱቄት የምትጠብቅ ሴት ሁሉ ታነበዋለች፣ ማንበብ የማትችለውም ይነበብላታል። ባለቤቴም ከሁሉም በፊት አንብቦታል። ሰኔ ሃያ ቀን እመጣለሁ። በማንም ጆሮ አላንሾካሹክም፤ ቆሜ፣ ስሜን ከነአባቴ ተናግሬ፣ የሆነውን ሁሉ እርስዎ እየሰሙ እናገራለሁ። ጂሎም አስተርጓሚ ይዘው ይመጣሉ። ለእርስዎ የእሾህ አጥር አልተዘጋጀም፤ ወንበርዎን ግን በዚህ ጊዜ ራስዎ ቢሸከሙት ደስ ይለናል።

ከታላቅ አክብሮትና ከማይረሳ ውለታ ጋር፣ ሰኔ ሃያ ቀን እራትዎን ከቤትዎ እንደሚበሉ ጸሐፊዎ በሰጠኝ ዓይነት ቃል የማረጋግጥልዎ፣

ወፏ፣
ደስታነሽ ወልደሥላሴ፣
ልብስ ሰፊ

ግልባጭ፦
ለመምህር ፍስሐ (አስቀድሞ ደርሶታል)

ማሳሰቢያ፦ ፍስሐ ይህን ካነበበ በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ እራቱን ከቤት አልበላም። ዛሬ ጧት ልለጥፈው ስወጣ ግን ወረቀቶቹን ከእጄ ተቀብሎ፣ በሦስቱም ግርጌ በገዛ እጁ አንድ መስመር ጨምሮ መለሰልኝ። የጻፈው ይህ ነው፦ «ክቡር ቀኛዝማች፣ መሐረብዎን እንዳይረሱ።»