«ያው ጫት ነው» ያልከው ዱቄት

መቱ፣ መጋቢት መጨረሻ

ለወንድሜ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ጤናህ እንዴት ነው? ሥራህስ? ሥርዓት ስለሆነ ነው የምጠይቅህ እንጂ እጄ ሌላ ነገር ለመጻፍ ይቸኩላል። እናታችን ጉልበቷን ያማታል፣ ግን ትሰግዳለች፣ ትቆጣለች። የሆነውን ገና አልነገርኳትም። እኛ ግን ደህና አይደለንም፤ ይህንንም ያመጣህብን አንተ ነህ።

ባለፈው ስትመጣ ያን ነጭ ዱቄት ለባሌ ለሰማን ስትሰጠው ሻይ ይዤ ስገባ አይቼሃለሁ። ምንድን ነው ብልህ ሳቅክብኝ። «ያው ጫት ነው፤ ቅጠሉ ቀርቶ ፍሬ ነገሩ ብቻ የወጣለት» አልከኝ። አባታችን ዕድሜ ልኩን ጫት ነግዷል፤ የቃመ ሰው እንዴት እንደሚሆን እኔ አውቃለሁ። ይጫወታል፣ ይተክዛል፣ ቢዘገይም ይተኛል። ሰማን ሾፌር ነው፣ ንቁ ያደርገዋል ስትለኝ ወንድሜ ስለሆንክ አመንኩህ።

መጀመሪያማ ደስ ብሎት ነበር። ሚኒባሱን ከሁሩሙ መቱ ሲያመላልስ ውሎ ይገባና አጥር ይጠግናል፣ ያወራል፣ ደግሞ ያወራል። ሲያልቅበት አንተ በመኪና ትልክለታለህ። ከዚያ ምግብ እምቢ አለ። ጥርሱን ያፋጫል። እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፋ። ጎረቤታችን ጋሽ ቀኖ በደጃችን ሲያልፉ ይሰልሉኛል ብሎ ድንጋይ አነሳባቸው። ልጄ ጀናት አባቷን ስታይ ከኋላዬ መደበቅ ጀመረች። ደውዬ ስነግርህ «መጠኑን ይቀንስ» አልከኝ። እንደ ሐኪም!

በገበያ ቀን ከሁሩሙ ሰው ጭኖ ሲመለስ መንገድ መሀል አቁሞ ሁላችሁም ውረዱ አለ። ማር የሚያመጡልንን አዴ ዋሪቱን ታውቃቸዋለህ፤ ጀሪካኑ ውስጥ ድምፅ የሚቀዳ ነገር ደብቀዋል ብሎ ማራቸውን አስፋልት ላይ ደፋው። ከዚያ ሸሚዙን ቀዶ ጥሎ በዚያ ፀሐይ ሮጠ፤ እስኪወድቅ ሮጠ። «ማል ታቴ፣ ኢልማ ኮ? ምን ሆንክ ልጄ?» እያሉ ራሱን ጭናቸው ላይ ያስደገፉት እኚያው ማራቸውን የደፋባቸው ሴትዮ ናቸው። ገላው እሳት ነበር አሉኝ። ነጠላቸውን ውኃ ነክረው ግንባሩ ላይ አድርገው እስከ ሆስፒታል አብረውት መጡ።

ለአራት ይዘውት ነው መርፌ የተወጋው። በቀዝቃዛ ውኃ አበረዱት። ሽንቱ ጠቁሮ ነበር፤ ጡንቻው ተጎድቶ ኩላሊቱን እያወከ ነው አለችኝ ሐኪሟ። ጫት ነው የተባልነው ስላት ራሷን ነቀነቀች። ጫት ውስጥ ካለው ጋር ቢዛመድም ሰው በኬሚካል የሠራው፣ እጅግ የበረታ ነገር ነው፤ ምን እንደተቀላቀለበት የሚሸጠው እንኳ አያውቅም፤ ማርከሻ የለውም፤ እዚህ ሳይደርሱ የሚሞቱ አሉ አለችኝ። ያኔ ያሰብኩት አንተን ነበር፤ ምን እንዳሰብኩ ግን አልጽፍልህም።

ሰማን ተርፏል። ኩላሊቱም እያገገመ ነው ይላሉ። መንጃ ፈቃዱን ራሱ አውጥቶ ሰጠኝ፤ ከእንግዲህ መሪ አልይዝም አለ። በሩን ዘግተሻል ወይ ይለኛል፣ ዘግቻለሁ እለዋለሁ፤ መልሶ ይጠይቀኛል።

ትናንት ስትደውል አንድ ጊዜ እንኳ እንዴት ሆነ አላልክም። ሳትተነፍስ ታወራለህ። ስልክሽን ቀይሪ፣ እየሰሙን ነው፣ አንድ መኪና ከሰፈሬ አልጠፋ አለ አልከኝ። ፖሊስ ፈርቶ ነው ብዬ ጆሮህ ላይ ዘጋሁት። ሰማን አጠገቤ ሆኖ ድምፅህን ሰምቶ ኖሮ ፊቱ ተለወጠ። «እኔንም እንዲሁ ነበር የጀመረኝ። ይምጣ» አለኝ። ቤቴን አይረግጥም አልኩት። «ይምጣ፤ ግን ብቻውን መንገድ እንዳይወጣ» አለኝ።

ስልክ ስለምትፈራ ይህን በአጎታችን በኢክረማ እጅ ልኬልሃለሁ። አብረኸው ትመለሳለህ። እምቢ እንዳትለው። ንዴቴ አልበረደም፤ በር ላይ ኪስህን እፈትሻለሁ። ከዚያ ትበላለህ። የጀናትን ክፍል ለቅቀንልሃል፤ ፀጥ ያለ ነው።

አላህ ልብህን ያሳርፈው፣ እንቅልፍም ይስጥህ።

እህትህ