የሰላጣ ዘር ቆጠራ

ጥቅምት 7

ብርጭቆ ሳጥብ ዋልኩ። የአንደኛ ዓመቶቹ ትተውት የሄዱት ሰማያዊ ቀለም አልለቅ ብሎ እጄ ሁሉ ሰማያዊ ሆነ። ከሰዓት በኋላ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ሰብሳቢ ራሱ መጣ። ወረቀት ይዞ።

አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ የሙከራ ውጤት ፈጥራ ጽፋለች። ተጠየቀች፣ ወዲያው አመነች።

«ከምናግዳት ሙከራውን እንደገና ትሥራው ብለናል። አንተ ጋ።»

«ለምን እኔ?»

«አትጮህባትማ።»

ሠንጠረዧን አሳየኝ። የሰላጣ ዘር፣ አራት የመስታወት ሳህን፣ በየሳህኑ ሃምሳ ፍሬ። የበቀለው 46፣ 45፣ 46፣ 45።

«ዘር እንዲህ ይስማማል?» ብሎ ሳቀ።

ሃያ ሁለት ዓመት በላብራቶሪ ቴክኒሻንነት የተበላሸ ውጤት ስንቱን አይቻለሁ። የተፈጠረ ግን... እንዴት ነው የሚፈጠረው? ቁጭ ተብሎ? እስክሪብቶ እየተነከሰ?

ጥቅምት 9

ልጅቷ ከሰዓቷ ሃያ ደቂቃ ቀድማ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ዓይኗ መሬት መሬት ያያል። አስገባኋት። ከሁሉ በፊት የሚከነክነኝን ጠየቅኳት።

«አርባ ስድስትን ከየት አመጣሽው?»

«ከመጽሐፉ ነው ጋሼ። ዘጠና ሁለት በመቶ ይበቅላል ይላል።»

«አርባ አምስቱስ?»

«ሁሉም አንድ ዓይነት ሆኖ እንዳያስታውቅ ብዬ።»

ሳቄ አመለጠኝ። እሷም አፏን በእጇ ያዘች።

ዘሩን በወረንጦ አንድ በአንድ ደረደረች። ሁለት መቶ ፍሬ። ሙቀቱን እኩል የሚጠብቀው ትንሹ ማብቀያ ሳጥን ውስጥ አስገባነው፤ ያኔም የሠራችው በእሱ ነው፣ ሌሎቹ ተማሪዎች በትልቁ። ሃያ ዲግሪ። እርሳስ ይዛ መጥታ ነበር፤ ተቀበልኳትና እስክሪብቶ ሰጠኋት። የተሳሳተው በአንድ መስመር ይሰረዛል፣ ግን ይነበባል አልኳት።

ጥቅምት 13

2፣ 0፣ 3፣ 1።

ከሃምሳ! የልጅቷ ፊት አመድ መሰለ።

«እንደ ያኔው ነው» አለች።

«እንዴት እንደ ያኔው? ቆጥረሽ ነበር እንዴ?»

ቆጥራለች ለካ። ሦስት፣ አንድ፣ አራት፣ ዜሮ። ወረቀቱን ቀድዳ ጣለችው። የሁሉም ተማሪ ከአርባ በላይ ሲሆን የእሷ ብቻ... ሰነፍ ናት ይሉኛል ብላ። ለኮሚቴው ለምን አልተናገረችም?

«ማን ያምነኛል?»

እውነትም። ማን ያምናታል?

ጥቅምት 14

ዘሩ አርጅቶ ይሆን? ውኃው? እኔ ሳሰላስል እሷ ቀደመችኝ። «ጋሼ፣ ከዚሁ ዘር ሁለት ሳህን ከሳጥኑ ውጭ ብናደርግስ?» ጠረጴዛው ላይ አደረግን። እኔ ሳልነግራት ቀንና ሰዓቱን ጻፈች።

ጥቅምት 17

ጠረጴዛው ላይ 44 እና 47። ሳጥኑ ውስጥ ከሰኞ ወዲህ ምንም። ልጅቷ እልል ማለት ነው የቀራት።

«ሳጥኑ ነዋ! ስንት ዲግሪ ነው ግን?»

«ሃያ። ይኸው በሩ ላይ ያለው ማሳያ ይላል።»

«ውስጥ ያለው ቴርሞሜትርስ?»

ከፈተችው። ሠላሳ አንድ። የሰላጣ ዘር እንዲህ ከሞቀው አይበቅልም፤ ይኼን አውቃለሁ።

ከዚያ በሩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አየች። በየጠዋቱ በሩን ከፍቼ የውስጡን ቴርሞሜትር አንብቤ ልሞላው የሚገባኝ። በእኔ ጽሑፍ ከመስከረም ጀምሮ 20፣ 20፣ 20... ወረቀቱን አየች፣ እኔን አየች።

«ዛሬ ተበላሽቶ ይሆናል» አልኩ።

«ይሆናል ጋሼ» አለችና ቦርሳዋን አነሳች።

ለምን እንደዚያ አልኩ? ማን አስገደደኝ? አፌ ቀደመኝ።

ጥቅምት 18

ቅዳሜ። ቤት ዋልኩ። ባለቤቴ ልብስ እያጣጠፈች «ምን ሆነህ ነው ግድግዳ የምታየው?» አለችኝ። ነገርኳት።

«ታዲያ ሂድና ንገራቸዋ።»

«በዚህ ዕድሜዬ?»

«ልጅቷ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ተናግራ የለ?»

የአንሶላውን አንድ ጫፍ አስያዘችኝ።

ጥቅምት 20

ለልጅቷ ነገርኳት። በሩን ሳልከፍት ነው የምሞላው አልኩ። ትቆጣኛለች፣ ወይ ታለቅሳለች ብዬ ነበር። እሷ እቴ! ወረቀቱ ላይ አጎንብሳ ቀን ትቆጥራለች።

«ጋሼ፣ ቅዳሜም ይገባሉ እንዴ?»

«አልገባም።»

«ቅዳሜም ሃያ ብለዋል እኮ።»

ሰኞ ሰኞ አንድ ላይ ነበር የምሞላው። አፈርኩ። እሷ ሳቋ መጣ፣ ቀስ በቀስ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ተረጋግታ «እኔ ግን ነፃ አይደለሁም አይደል?» አለች። «ሳጥኑ ቢበላሽም አርባ ስድስትን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

አይደለሽም አልኳት። እኔም አይደለሁም።

ጥቅምት 21

አብረን ሰብሳቢው ዘንድ ሄድን። ወረቀቱን ከበሩ ነቅዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። በጣቱ መስመር በመስመር እየተከተለ አነበበው።

«አንተ?» አለ። ይቺ ቃል ከተሰጠኝ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ በላይ ከብዳኛለች። ደብዳቤው ማኅደሬ ውስጥ ይገባል። ከመስከረም ወዲህ በዚያ ሳጥን የተሠራው ሁሉ ይመረመራል። የልጅቷ ቅጣት እንዳለ ነው፤ ሪፖርቱን ግን እውነተኛ ቁጥሮቿን ይዛ፣ ለምን እንዳልበቀለ ጨምራ ትጽፈዋለች።

ሌሊቱን እንቅልፍ እንደማይወስደኝ ነበር የጠበቅሁት። ድብን አድርጌ ተኛሁ።

ኅዳር 12

ሪፖርቷ ታረመ። መካከለኛ ውጤት። «የቀደድኩት ወረቀት» የሚል ክፍል አለው፤ መምህሩ ከጎኑ «ከዚህ ነው መጀመር» ብሎ ጽፎበታል።

ዛሬ ዕቃ ስደረድር ሁለት የማላውቃቸው ተማሪዎች በሩን በግማሽ ከፈቱ። ደብተራቸውን በሁለት እጅ ይዘውታል።

«ጋሼ፣ ውጤታችን ትክክል አልመጣም። ከማስረከባችን በፊት ብናሳይዎት?»

«ማን ላካችሁ? ኮሚቴው ነው?»

«ኧረ ማንም።»

ገለጡልኝ። ሃያ ሊሆን የሚገባው ሰባት ይላል። በእስክሪብቶ። ሳይነካካ፣ ሳይጠፋ፣ ቁልጭ ብሎ።

ለምን ሰባት? አላወቁም። እኔም አላወቅሁም። ወንበር ሳብኩላቸው።